እሳት የጎረሰው ፍሪጅ

እኔ ጽፌ አላውቅም። ይህን ከፊት የምናገረው ኋላ እንዳትታዘቡኝ ብዬ ሳይሆን፣ ከአሁኑ እያፈርኩ ስለሆነ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ከዚያ ወዲህ ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙ «ስኳር፣ ሳሙና፣ ነጭ ክር ሁለት ጥቅል» የሚል ወረቀት ነው። እሱንም የጻፍኩት ባለሱቁን ቀና ብዬ አይቼ መጠየቅ ስለማፍር ነው። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጥና ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

ታዲያ ዛሬ ምን አስጻፈሽ ብትሉኝ፣ የፍሪጁ ወሬ ነው። አሊዩ አምባ ውስጥ የፍሪጁን ታሪክ የማያወራ ሰው የለም፤ እንደ ሆነው አድርጎ የሚያወራ ግን አላገኘሁም። አንዱ ፈነዳ ይላል። ሌላው ጂን ሰፍሮበት ነበር፣ ሼህ ይማም ናቸው ያስወጡለት ይላል። ባለፈው የገበያ ቀን አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ የፍሪጁ ባለቤት መሆኔን ሳታውቅ፣ ለእኔው ለራሴ ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ አወራችልኝ። በእሷ ታሪክ መጨረሻ ላይ እኔ ሞቻለሁ። «አይ እናቴ፣ አልሞትኩም» ማለት ሲገባኝ፣ አፍሬ «አላህ ይርሐማት» አልኩና ሽንኩርቴን ይዤ ሄድኩ።

ስለዚህ በአፌ ያላስተካከልኩትን በእጄ ላስተካክል።

ዓይን አፋርነቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አልችልም። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና እዚያው ይቀመጣል። ሌላ ሰው «ወራጅ አለ» እስኪል እጠብቅና አብሬው እወርዳለሁ፤ ሰው የወረደበት ሁሉ የእኔ ሰፈር ነው። በዚህ የተነሣ፣ ለጉዳይ ብቻ በምሄድባት በደብረ ብርሃን ከተማ በእግሬ ያልረገጥኩት ሰፈር የለም።

ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ዘሀራ ናት። እማ ነው የምላት። አላህ ለሁለታችን የሚበቃ ድምፅ ሰጥቶን፣ እሷ የእኔንም ደርባ የወሰደችው ይመስለኛል። እንግዳ መጥቶ «እንዴት ነሽ ልጄ?» ሲለኝ፣ «ደህና ናት!» ብላ የምትመልሰው እማ ናት። «ምሳ በላሽ?» ሲሉኝ፣ «በልታለች!» አንድ ጊዜ ዓይኔን አሞኝ ሐኪም ቤት ሄደን፣ ሐኪሙ ፊደሉን እያሳየኝ «ይሄ ይታይሻል?» ሲለኝ፣ «ይታያታል!» ብላ መልሳለች። መነጽር ሳይታዘዝልኝ የቀረው በዚህ ነው።

ደግሞ እማ ፈቃድ መጠየቅ የሚባል ነገር አታውቅም። የሰው በር ስታንኳኳ አይቼ አላውቅም። ጎረቤት ቤት ትገባለች፣ ድስቱን ትከፍታለች፣ ትቀምሳለች፣ ጨው ትጨምራለች፤ «እንዴት አደራችሁ» የሚመጣው ከጨው በኋላ ነው።

ይህችን ሴት ነው እንግዲህ ስኳር የያዛት። መርፌዋን ራሷ ትወጋለች፤ በዚያ በኩል ችግር የለም። ችግሩ መድኃኒቱ ብርድ መፈለጉ ነው። አሊዩ አምባ ማንጎ አላት፣ ሽንኩርት አላት፣ ደግ ሰው አላት፤ ብርድ ግን የላትም። መብራታችንም እንደ ክፉ እንግዳ ነው፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ እያስቀመጥን ኖርን። በጋው ሲበረታ ግን ገንቦውም አልቻለ፤ መድኃኒቱ ተበላሸና እማ ክፉኛ ታመመች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ወይ መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ ይምጣለት፣ ወይ እርስዎ ወደ ቀዝቃዛው ቦታ ይሂዱ» አለቻት። እማም ደብረ ብርሃን፣ ልጇ ጀማል ዘንድ ሄደች።

ደብረ ብርሃን ብርድ በነፃ የሚታደልበት አገር ነው። መድኃኒቱ ደስ ብሎት ከረመ። እማ ግን በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ፣ ካልሲ እግሯ ላይ ደርባ፣ የተረፈውን ካልሲ እጇ ላይ አድርጋ በየቀኑ ትደውልልኛለች።

«ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው አይኖርም፤ ይቆያል እንጂ።»

«እሺ እማ።»

«ዛሬ ፀሐይ ወጥታ ነበር። እሷንም በረዳትና ገባች።»

ረመዳን ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። እማ በሐኪም ትእዛዝ አትጾምም። ቢሆንም፣ «ባልጾም የሚጾመውን አያለሁ፤ የሰፈሬን አዛን እሰማለሁ፤ እኔ ረመዳንን በካልሲ አልቀበልም» ብላ ያዘች። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቤቱ ዝም ብሎብኝ ነበር። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ የሚመልስልኝ የለም። ሰዉም ጠብቆ ጠብቆ ይሄዳል።

ፍሪጁ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ጀማል የሚሠራው ጋራዥ ነው። የደብረ ሲናን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ የነደደ የፈረንጆች መኪና ተጎትቶ ይመጣላቸዋል። መኪና ይባል እንጂ ቤት ነው አሉ፤ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ፊት መታጠቢያ አለው። ባለቤቶቹ ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው። መኪናው እንደማይድን ሲነገራቸው ጥቂት አለቀሱና፣ ዕቃውን ለሠራተኞቹ እያካፈሉ ሰጥተው በአውሮፕላን አገራቸው ገቡ። ለጀማል ፍሪጁ ደረሰው።

ቁመቱ እስከ ወገቤ ነው። ፈረንጆቹ በረሃ ለበረሃ የሚዞሩበት ስለሆነ ያለ መብራትም ይሠራል። የጋዝ ሲሊንደር ይገጠምለታል፣ ከጀርባው በታች ትንሽ ሰማያዊ እሳት ትለኮሳለች፣ በእሳቷ ሆዱ ይቀዘቅዛል። እንዴት ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሼህ ይማምም ጠይቀውኛል።

ልወስደው ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ጀማል ጋራዡ ውስጥ፣ ጓደኞቹ በናፍጣ እጃቸውን እየታጠቡ ቆመው በሚያዩበት፣ «ሦስት ነገር ብቻ ያዢ» ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። እኔ መሬት መሬት እያየሁ የወደቁ ቡሎኖች እቆጥር ነበር። አሥራ ሰባት ናቸው።

«ገባሽ?» አለኝ በመጨረሻ።

«እሺ» አልኩት።

«እሺ» የምትባል ቃል ባትኖር እኔ ዲዳ ነበርኩ። ከነገረኝ ሁሉ የያዝኩት «ውስጡ ከስምንት ዲግሪ በታች መውረዱን ሳታይ እማን ነይ እንዳትያት» ያለውን ነው። እሱ ደግሞ ለካ ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። ሙቀት መለኪያም ሰጠኝ። ከስምንት ቀን በኋላ ወደ እኛ የሚወርድ መኪና አለው፤ ፍሪጁ ከሠራ በዚያ እማን ያመጣታል።

ስሰናበት እማ ከጋቢዋ ውስጥ እጇን አውጥታ ያዘችኝ። «ልጄ፣ እዚህ ጥለሽኝ እንዳትቀሪ» አለችኝ። እማ በእንዲህ ያለ ትንሽ ድምፅ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። መንገዱን ሙሉ፣ ፍሪጁን በጫነው አይሱዙ ላይ ከነጭ ሽንኩርት ጆንያ ጋር ስንንገጫገጭ፣ ያቺን ድምፅ ነበር የምሰማው።

ቤት ስንደርስ ፍሪጁን የክብር ቦታ ሰጠሁት፤ ሳሎኑ ጥግ፣ ከግድግዳው ጋር ልጥፍ አድርጌ። አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የምተዳደረው ዳንቴል እየሠራሁ ነው። በእኛ ቤት ደህና ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ ፔርሙዙ አለው፣ የዳንቴል ክር የማስቀምጥበት ቅርጫት ራሱ ዳንቴል አለው። ከፈረንጅ አገር ለመጣ ፍሪጅ ታዲያ ምን ይገባዋል? አራት ወር የፈጀብኝን፣ ሁለት ጣዎሶች ፊት ለፊት የቆሙበትን ትልቁን ዳንቴል አወጣሁ። ለሠርጌ ያስቀመጥኩት ነበር። ከማን ጋር እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እሱም ገና አያውቅም። ከፊቱ በሩን እንዳይከለክል ትንሽ አጠር አድርጌ፣ ከኋላውና ከጎኑ እስከ መሬት ለቀቅኩለት። ሙሽራ መሰለ።

ጋዙን ለኮስኩ። በነጋታው ጠዋት መለኪያውን አየሁ። ቤቱ ሠላሳ አንድ፣ ፍሪጁ ሠላሳ አራት።

ለእማ ማሞቂያ ነው ያመጣሁላት ማለት ነው። እንቁላል ባስቀምጥበት ይፈለፍልልኝ ነበር።

እስከ ረፋዱ ድረስ ፍሪጅ መምጣቱን ያልሰማ አልነበረም። በእኛ ዘንድ አዲስ ዕቃ የገባበት ቤት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይባላል። ደስ ያላችሁ ያለ ሰው ደግሞ ዕቃውን ሳያይ አይሄድም፤ ፍሪጅ ደግሞ ከውጭ ታይቶ ምን ይገኛል? መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ከዲጃ ናቸው። በሩን ከፈቱት፣ አንገታቸውን አስገቡ፣ እዚያው ውስጥ ሆነው ያወሩኝ ጀመር።

«ማሻአላህ! ማሻአላህ! ይሄ እንኳን መድኃኒት እኔንም ይይዛል። ዘሀራ ደወለች? ጥርሷ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ የምትለው አይሰማም እኮ! ይኸው ወተቴን አስቀምጪልኝ፣ አሁን የታለበ ነው፣ ገና ትኩስ ነው።»

«እሺ።»

ቀጥሎ የመጣው ቲማቲም ይዞ መጣ። ሌላው ግማሽ ፓፓያ። አንዱ፣ እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ እስር ጫት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አስገብቶ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አይቶት ተመለሰ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና አየው። ሁለት ሴቶች «የሚወጣውን ብርድ እናግኘው» ብለው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «አትክፈቱ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ «ተጫወቱ» የሚል ወጣኝ።

ሼህ ይማም ሲመጡ ጎንበስ ብለው፣ ዳንቴሉን ከጎን ገለጥ አድርገው ሰማያዊዋን እሳት አዩ።

«ልጄ፣ ይህ እሳት ለማሞቅ ነው?»

«ለማቀዝቀዝ ነው አባ።»

«እሳት?»

«እሺ።»

ጢማቸውን ያዙ። «እሳት የበረደላቸው ነቢይ እንደነበሩ እናውቃለን። ለፍሪጅ ሲሆን ግን አልሰማሁም» አሉና፣ በሩን ከፍተው እጃቸውን አስገቡ፣ አወጡ። «ገና አልበረደለትም» ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ግንበኛው ጋሽ ሐሰን ውሃ ልካቸውን በብብታቸው ይዘው ከች አሉ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም፤ እኔ እንዳልሆንኩ ግን እርግጠኛ ነኝ፣ ሰው ጠርቼ አላውቅምና። ውሃ ልኩን ፍሪጁ አናት ላይ አጋደሙት። መስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ሮጣ ጥግ ገባች።

«ይሄ ፍሪጅ እኮ አንድ ጆንያ እንደወደቀበት አህያ ነው ያዘመመው!» አሉ።

ያን ጊዜ ከጀማል ሦስት ነገሮች አንደኛው ብልጭ አለልኝ። «ልክ ይቀመጥ፤ ካዘመመ አይቀዘቅዝም» ብሎኝ ነበር፣ ዘጠነኛውና አሥረኛው ቡሎን አካባቢ።

ጋሽ ሐሰን ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አደረጉት። አረፋዋ ያው ሮጠች። ወደ በሩ ወሰዱት፤ ሮጠች። መስኮቱ ደፍ ላይ አወጡት፤ ሮጠች።

«ፍሪጁ አይደለም ለካ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ቤቱ ነው የተጋደመው!»

እትዬ ከዲጃ ወተታቸውን ሊያዩ መጥተው ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ሐሰን፣» አሉ፣ «ይህን ቤት የሠራው ማነው?»

 ቤቱን የሠሩት ጋሽ ሐሰን ናቸው።

ጋሽ ሐሰን ውሃ ልካቸውን አገላብጠው አዩ። ነካ ነካ አደረጉት። «ቤቱ ስሠራው ልክ ነበር» አሉ ቆይተው። «ተራራው ነው። አንኮበር ከላይ እየተጫነን ነው።»

«እንግዲያው ውጣና ተራራውን አስተካክልልን!» አሉ እትዬ ከዲጃ።

ከብዙ ክርክር በኋላ ከፍሪጁ ሥር ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ገብቶ አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። ጋሽ ሐሰንም «አሁን ፍሪጁ ልክ ነው፤ ዓለም ነው ጠማማው» ብለው ወጡ። በነጋታው መለኪያው ሃያ ስምንት አለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

እማ ደወለች። «ቀዘቀዘ?»

«እየተቀራረበ ነው እማ።»

«ከማን ጋር?»

«ከብርዱ ጋር።»

«ልጄ፣ እኔ ከብርዱ ጋር ከተቀራረብኩ ወር አለፈኝ። ፍጠኚ!»

ግን ከሃያ ስምንት አልወርድም አለ። በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ የጥጥ ቃጠሎ ሸተተኝ። ወደ ፍሪጁ ዞሬ ባሸት ከዚያ ነው። ዳንቴሉን ገለጥ ባደርግ፣ ከሁለቱ ጣዎሶች የኋለኛው ጭራው ቡናማ ሆኗል። አራት ወር የሠራሁት ጣዎስ ተጠበሰ! ግድግዳውን በእጄ ብነካ የምድጃ ጉልቻ ይመስላል።

ጋዙን አጠፋሁና ለጀማል ደወልኩ። ማለቴ፣ ደውዬ ዘጋሁ፣ ደውዬ ዘጋሁ፣ በሦስተኛው እሱ ደወለልኝ።

«ምን ሆንሽ? ጀርባውን ከግድግዳ አርቀሽለታል?»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም፣ ጠየቅኩሽ እኮ!»

«...አላራቅኩትም።»

«ላዩ ላይ ያስቀመጥሽበት ነገር አለ?»

«ምንም የለም። ዳንቴል ብቻ።»

«እስከ የት?»

«እስከ መሬት።»

 ከዚያ ጋራዡ በሙሉ ሲስቅ ሰማሁ፤ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎት ኖሯል። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን ወለሉ ያዘመመ ስለሆነ እሱም አይሆንም።

«እህቴ፣» አለኝ ሳቁን ውጦ፣ «ፍሪጅ የሆዱን ሙቀት የሚያስወጣው በጀርባው ነው። አንቺ አፍንጫውን ከግድግዳ ጋር ደፍነሽ፣ ላዩን አልብሰሽ፣ ቀዝቅዝ ትይዋለሽ። አንቺን እንደዚያ ቢያደርጉሽ ትቀዘቅዢ ነበር? ዳንቴሉን አንሺ። ከግድግዳው አርቂው። ከኋላው ግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ይከፈትለት፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ፤ ነፋስ ከታች ይግባ፣ ሙቀቱም ጭሱም ከላይ ይውጣ። ቤት ውስጥ እንዳይታፈን! ሦስተኛውንስ ነገር?»

«የቱን?»

«በሩን አትክፈቺ ያልኩሽን!»

«እኔ አልከፍትም።»

«ታዲያ ማነው የሚከፍተው?»

«አሊዩ አምባ።»

አሁን አልሳቀም። «ስሚ። አንድ ቀን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ጠዋት፣ ማንም እንዳይነካው። መኪናው ከዚህ የሚነሣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ሌላ የማገኘው ረመዳን ካለፈ ነው። መለኪያው ስምንት ካላለ እማን አላመጣትም። ብታለቅስም አላመጣትም። በሕይወቷ አልቀልድም።»

ጋሽ ሐሰን ተጠሩ። «በዚህ እጄ የሠራሁትን በዚህ እጄ ልብሳው?» እያሉ፣ እያለቃቀሱ በሱት። ወተቱን፣ ቲማቲሙን፣ ፓፓያውንና ባለቤት አልባውን ጫት አውጥቼ ጋዙን እንደገና ለኮስኩ። በነጋታው ማለዳ ቢስሚላህ ብዬ ፍሪጁን ዘጋሁት።

የዚያን ቀን ጠዋት ወረቀት ላይ «እባካችሁ አትክፈቱ» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ጽሑፌም እንደ እኔ ዓይን አፋር ነው፤ ደቃቅ ነው፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ ይሸጎጣል። መጀመሪያ የገባው ሰው ቀርቦ ሊያነበው ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ውስጡ ያለው ዕቃ ዝርዝር ይሆናል» ብሎ እጀታውን ሲይዝ ደርሼ ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቅኩት። ቀጥሎ በክር አሰርኩት። አንዲት ሴት «ውይ ልጄን፣ ማነው እንዲህ የተበተበብሽ?» ብላ በጥርሷ ፈታችልኝ፤ ልትከፍተው ስትል ልጇ ከውጭ ጮኸባትና አላህ አወጣኝ።

የቀረኝ አንድ መላ ነበር። በርጩማ አመጣሁ፣ ጀርባዬን ለፍሪጁ በር ሰጥቼ ተቀመጥኩ፣ የተቃጠለውን ጣዎስ እጄ ላይ ይዤ ጭራውን መጠገን ጀመርኩ። ሰው ተቀምጦበት ማን ይከፍታል?

ግን አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ታላቅ ሲገባ ይነሣል። ይህ ሕግ በትምህርት ቤት አይደለም የገባን፤ በጉልበታችን ውስጥ ነው ያለው። ሼህ ይማም «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ደፉን ሲረግጡ ጉልበቴ ብቻውን ተነሣ። እኔ ነኝ መልሼ ያስቀመጥኩት። ሰላምታቸውን ተቀምጬ መለስኩ። ላቤ በጀርባዬ ወርዶ የፍሪጁን በር ነካ።

ሼሁ ቆሙ። «ልጄ፣ አመመሽ?»

«እሺ» አልኩ።

እትዬ ከዲጃ ተከትለው ገብተው ነበር። «ምን ነካሽ? ሼሁ ገብተው ተቀምጠሽ? ዘሀራ ብትሰማ ምን ትላለች!» ብለው በብብቴ ገብተው ብድግ አደረጉኝ። በአንድ እጃቸው እኔን ይዘው፣ በሌላው እጀታውን ያዙ። «ወተቴንም በዚያው ልየው።»

ወተቱን እንዳወጣሁት አልነገርኳቸውማ።

እጀታው ቀጭ ሲል ሰማሁ። ካልሲ ያጠለቀው የእማ እጅ ታየኝ። «ጥለሽኝ እንዳትቀሪ» ያለችው ታየኝ። ስንት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የተቀመጠ ነገር ነቅነቅ አለ፣ መንገድ ለቀቀ፣ ወጣ፤ ግን በወረፋ ኖሮ፣ የወጣው ቀድሞ የገባው ነው።

«ወራጅ አለ!!!»

አቤት ያ ድምፅ! የጎረቤት ዶሮዎች ጣሪያ ላይ ወጡ። ውጭ የታሰረች አህያ መለሰችልኝ። እትዬ ከዲጃ እጀታውንም እኔንም ለቀቁ። እኔም አንዴ ከተከፈተ ብዬ ቀጠልኩ።

«አትክፈቱ! ማንም እንዳይከፍት! እስከ ነገ ጠዋት ካልቀዘቀዘ እማ አትመጣም! ረመዳንን እዚያ ልታሳልፍ ነው! ወተቱን አውጥቼዋለሁ፣ ተበላሽቷል፣ ትኩስ ወተት ፍሪጅ ውስጥ አይገባም! በቃ!»

ከዚያ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። 

ሼህ ይማም ቀስ ብለው ተቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ልጅቷ ድምፅ አላት።» ከዚያ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ «እኔም አራት ጊዜ ከፍቼዋለሁ፤ አላህ ይማረኝ። ለምን አልነገርሽንም ልጄ?» አሉኝ።

«አፍሬ።»

እትዬ ከዲጃ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን አሸርጠው ደጅ ወጡ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጠው፣ ፍሪጅ ሊያይ የመጣውን ሁሉ «ተመለስ! ልጅቷ ትጮኻለች!» እያሉ ሲመልሱ ዋሉ። የጂኑ ወሬ የተነሣው ከዚህ ነው። መሞቴ ከየት እንደመጣ ግን እስካሁን አልደረስኩበትም።

በነጋታው ጠዋት ሼህ ይማም፣ እትዬ ከዲጃና ጋሽ ሐሰን መጡ፤ ማንም እጁን አልዘረጋም። እኔ ከፈትኩት። መለኪያው ሰባት ይላል። ከመዝጋቴ በፊት ያስቀመጥኩበትን ውሃ ጋሽ ሐሰን ተጎነጩና ጉንጫቸውን ያዙ። «ጥርሴን አጠረሰው!» አሉ። «ግድግዳዬ በከንቱ አልተበሳም!»

ለጀማል ደወልኩ። በአንድ ጊዜ፣ ሳልዘጋ። «ሰባት ነው፣ እማን አምጣት» አልኩት፣ «ሃሎ» ሳይለኝ።

እማ በነጋታው፣ የረመዳን ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ከአንኮበር ቁልቁል በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ እያወለቀች ነው የመጣችው፤ ጀማል ከኋላዋ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ሹራብና አራት ካልሲ ታቅፏል። እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባች። ሼህ ይማም፣ እትዬ ከዲጃና ጋሽ ሐሰን ሊቀበሏት ተቀምጠው ነበር። እማ ግን ሰላም የምትለው ከጨው በኋላ አይደል? መድኃኒቷን ከያዘችበት ፔርሙዝ አወጣችና ቀጥታ ወደ ፍሪጁ ሄዳ እጀታውን ጨበጠች።

«አትክፈቺ!»

እኔ አይደለሁም። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ሦስቱም በአንድ ድምፅ ቀደሙኝ።

«እሷን ሳትጠይቂ አይከፈትም!» አሉ እትዬ ከዲጃ በጣታቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «ሕግ ነው!»

እማ እጀታውን እንደያዘች ዞረች። መጀመሪያ እነሱን አየች። ከዚያ ወንበሩ ላይ የተሰጣውን፣ ጭራው በአዲስ ክር የተጠገነውን ጣዎስ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ብዙ አየችኝ። እጇን ከእጀታው ላይ ቀስ ብላ አነሣች።

«እሜቴ፣» አለችኝ፣ «ልክፈተው?»